ሞተርህን ሳታጠፋ

ውድ ወንድሜ ቤንዚን፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲያ ስለሚጀመር ነው። ሌላ ቃል ፈልጌ ነበር፤ የመጡልኝ ሁሉ እማዬ ፊት የማይነበቡ ሆኑብኝና ተውኳቸው። ጤናህን አልጠይቅህም። በየሳምንቱ በምትለቃቸው ቪዲዮዎች ላይ ፊትህ ወዝ አለው፣ ጃኬትህ አዲስ ነው፣ ሞተርህ ያብረቀርቃል። ደህና ነህ። እኔ ግን ደሜ ፈልቷል። እስኪበርድልኝ ብጠብቅ እንደ ሁልጊዜው «ይሁን፣ ይቅር» ብዬ እንደምተወው ስለማውቅ አሁኑኑ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ደውለህ «አባዬን አሳምኚልኝ» አልከኝ። ወዳለህበት ውጪ ሀገር የሚመጣበትን ወረቀት ሁሉ ልትጨርስለት፣ ቲኬት ልትልክለት፣ ከዚያ በባሕሩ ጠረፍ በሞተር ጎን ለጎን ልትነዱ። «በሕይወቱ አንዴ እንኳን እውነተኛ መንዳት ምን እንደሆነ ይየው» ነው ያልከው። እሱ ግን እምቢ አለህ፣ ለምን እንዳለህ ደግሞ አልገባህም። «እርጅና ነው፣ ፈርቶ ነው፣ አንቺ አባብዪው» ስትለኝ የቀረውን ነፋሱ ወሰደው፤ እንደ ልማድህ እየነዳህ ነበር የደወልከው። አንተ ሄልሜትህ ውስጥ ስልክ ገጥመሃል፣ እኛ ሳሎን ውስጥ አንዲት ስልክ ላይ ተደፍተን «ሃሎ! ምን አልክ? ሃሎ!» እያልን እንጮሃለን። እማዬ ከአንተ ጋር ባወራች ቁጥር ጉሮሮዋን ያማታል። «ልጄ ሁልጊዜ ወዴት ነው የሚጣደፈው?» ትለኛለች።

እንግዲህ አባዬ ለምን እምቢ እንዳለህ እኔ እነግርሃለሁ። እንዳልነግርህ ለምኖኛል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃሉን አልጠብቅለትም።

የምሠራበትን ግቢ ታውቀዋለህ። ስትመጣ በሩ ላይ ቆመህ «እዚህች መዳፍ የምታህል ቦታ ላይ ነው ሰው መንዳት የምታስተምሩት?» ብለህ የሳቅክበት። አዎ፣ እዚያችው ነው። ነጭ ቀለም የተቀቡ አሮጌ ጎማዎች፣ በኖራ የተሰመረ ስምንት ቁጥር፣ ጥግ ላይ የቆርቆሮ ዳስና አንድ አግዳሚ ወንበር። አንተ ወደ ውጪ ከተመለስክ በኋላ አንድ ከሰዓት ሰልጣኞቼ ዳሱ ሥር ተሰብስበው በሳቅ ይንፈራፈራሉ። ስልኩን የያዘው «ካፖርቱ» የምንለው ሰልጣኝ ነበር፤ ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ፊት ስለሚቆም ነው መሰለኝ ቀን ፀሐይ ላይ እንኳ ይበርደዋል፣ ያንን ወፍራም ካፖርት አያወልቅም። «አሰልጣኝ፣ ይቺን አይተሻታል? በሳቅ ነው የምትሞቺው» ብሎ አቀበለኝ።

«የሀገር ቤት መንዳትና የውጪ መንዳት፦ የቱ ያስደስታል?» ይላል ርዕሱ። ድምፅህን ወዲያው አወቅኩት፣ ደስም አለኝ። ይህን አልደብቅህም፤ «ወንድሜ ነው» ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ ቆንጆ ነው። ያ አስፋልት፣ ያ ባሕር፣ ያ ሁሉ ኩርባ አንድ ጉድጓድ የሌለበት። ቀናሁ። ሰው ሆኜ ባልቀና ነው የሚገርመው፤ በየወሩ የፊት ጎማ ጠርዝ የማስጠግን ሰው ነኝ። ከዚያ ወደኛ ዞርክ። ጭቃው መጣ፣ መንገድ መሐል የተኙት ፍየሎች መጡ፣ የጭነት መኪናው አቧራ መጣ። «ይሄ መንዳት አይደለም፣ ቅጣት ነው» ትላለህ ከጀርባ። ይሁን፣ እሱንም ዋጥኩት። መንገዳችን መጥፎ መሆኑን እኛም እናውቃለን፤ ወገባችን ይመሰክራል።

ቀጥሎ አባዬ መጣ።

ሸክላ ሠሪዎቹ አፈር የሚያወጡበት ኩርባ ላይ ነበራችሁ። የኋላ ጎማው ሲንሸራተትበት፣ መሪውን ሊይዝ ሲሞክር፣ ከዚያ ሊተኛ እንዳሰበ ሰው ቀስ ብሎ በጎኑ ሲወድቅ ይታያል። አንተ ከበስተኋላው የሕዝብ ሳቅ ለጠፍክበት። ደግመህ አሳየኸው። ከዚያ ደግሞ ፍጥነቱን ቀንሰህ አሳየኸው። «አባዬ፣ ተነስ እንጂ!» ትላለህ፣ አንተም እየሳቅክ። እሱ ጭቃው ላይ እንደተኛ ወደ አንተ ቀና ብሎ ቀኝ እጁን አነሳና አንጓውን አዞረ። አንተ ከሥሩ ጻፍክበት፦ «ለተመልካቾቼ ሰላም እያለ ነው!»

ሰልጣኞቼ በሳቅ ፈነዱ። ካፖርቱ ዕንባውን እየጠረገ «ሽማግሌው ግን ደስ ሲሉ! ጭቃ ውስጥ ሆነውም ሰላምታ አይረሱም» አለ።

«አባቴ ነው» አልኩ።

ካፖርቱ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ኪሱ ከተተው፤ ግን አላጠፋውም ነበርና ከካፖርቱ ውስጥ ያ የለጠፍከው ሳቅ መሳቁን ቀጠለ። ሰውዬው ስልኩን ፍለጋ ያንን ሁሉ ኪስ ሲዳብስ፣ እኔ እዚያው ቆሜ የሰማሁትን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

ያ እጅ ሰላም እያለ አልነበረም። ካፖርቱ ይህን ባያውቅ አልፈርድበትም። በየስልኩ የሚያየው ሕዝብ ባያውቅ አልፈርድበትም። አንተ ግን? ያንን ምልክት ፊደል ከመቁጠርህ በፊት ነው ያወቅከው! እጅን ከፍ አድርጎ፣ ቁልፍ እንደሚያዞር ሰው አንጓን ማዞር፦ ሞተርህን አጥፋ ነው። የአባዬ መሥሪያ ቤት የከብት ክትባት ሞተረኞች በሙሉ የሚግባቡበት ነው። «ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ ሞተራችሁን አጥፉ፣ ከዚያ ዝም በሉ፣ መጀመሪያ የሚናገረው የወደቀው ነው» እያለ ነው ያሳደገን። ከጎኑ ሞተር እየጮኸ የተኛ ሰው ሌላው ሊሄድበት የቸኮለ ይመስለዋል፤ እግሩ ይሰበር አይሰበር ሳያውቅ ዘሎ ይነሳል። አንድ የሥራ ባልደረባው እንደዚያ ተቻኩሎ በተሰበረ እግር ቆሞ ዕድሜውን ሙሉ እንዳነከሰ ስንት ጊዜ ነግሮናል? አንተ እንኳ «ሰማን እኮ አባዬ» እያልክ ታሾፍበት ነበር።

ትዝ ካላለህ ደግሞ ሌላም ላስታውስህ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለከብት ክትባት ሲወጣ ይወስደን አልነበር? መንዳት በተማርክ ሰሞን የመሥሪያ ቤቱን ትርፍ ሞተር ይዘህ ከኋላችን ትከተላለህ፤ እኔ በእሱና ክትባቱን በያዘው የበረዶ ሳጥን መሐል ተጣብቄ «ቀስ በሉ!» እያልኩ እጮሃለሁ። ፍሬን ያለኝ ለዚያ ነው፣ አንተን ቤንዚን ያለህም ለዚያ። አንድ ቀን እዚያው ሸክላ አፈሩ ኩርባ ላይ አንተ ወደቅክ። አዎ፣ ያው ኩርባ ነው። አባዬ ሞተሩን አጠፋ። የአንተን ደግሞ ጎንበስ ብሎ አጠፋው። ከዚያ በዚያ ታጥቦ በተተኮሰ ካኪው ጭቃው ላይ አጠገብህ ተቀመጠ። እኔ ማልቀስ ስጀምር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ገበሬዎቹ ከብቶቻቸውን ሰብስበው ይጠብቁናል፣ ከሳጥኑ ሥር የበረዶው ውኃ ይንጠባጠባል፣ እሱ ግን ወደ ሳጥኑ ዞር ብሎም አላየም። አንተ ሰማይ ሰማይ ስታይ ቆየህና «ጫማዬ የት ሄደ?» አልክ። ጫማህ ጭቃው ውስጥ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር፣ ባለቤቱን እንደሚጠብቅ። ሦስታችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ነው አጥንትህን አንድ ባንድ የዳሰሰው።

ክትባቱ ያን ቀን ተበላሸ። በማግስቱ አለቃው ሰው ፊት ሲዘልፈው እኔና አንተ ቢሮው በር ላይ ቆመን ሰምተናል። ልጄ ወደቀብኝ አላለም። «በረዶው ቀለጠ» ብቻ ነው ያለው።

አሁን ወደ ዘንድሮው ልምጣ። ልትመጣ ነው ሲባል አባዬ ምን እንደሆነ አላየህም። የሞተሩን ካቴና ቀየረ፣ ካርቡራተሩን ፈቶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፋቀ፣ የጎን መስታወቱን በእማዬ የመጋረጃ ጨርቅ ወለወለ፤ እማዬ መጋረጃዋን ፍለጋ ቤቱን ስታተራምስ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ያፏጫል። «ልጄ እዚያ በስንቱ መንገድ ነድቷል፣ እኔ ደግሞ የድሮውን መንገዳችንን አሳየዋለሁ» ይላል። አንተ ከትልቁ ከተማ የተከራየኸውን ዝሆን የሚያህል ሞተር እያስጓራህ መጣህ። አብራችሁ ለመንዳት የወጣችሁበት ቀን እኔ ሰልጣኞቼን ለፈተና ያቀረብኩበት ቀን ነበርና አልሄድኩም። ማታ ስትመለሱ ሁለታችሁም ጭቃ ለብሳችኋል። «እንዴት ነበር?» ስላችሁ አንተ «ጉድ ነው!» አልክ፣ እሱ «ጥሩ ነበር» አለ። ጥሩ ነበር ብሎ ወደ መኝታ ቤቱ ሲገባ የበሩን መቃን መያዙን አይቻለሁ። ደክሞት መሰለኝ።

ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጦ ነበር። አንተ እስክትሄድ ድረስ በሱሪ ሸፍኖ ከአንተ ጋር ሰው ቤት ዞረ፣ ቆሞ ፎቶ ተነሳ፣ እስከ ሞተርህ ድረስ ሸኘህ። ሞተርህ ከሰፈር ወጥቶ እንደታጠፈ እዚያው በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለ፤ እኔና እማዬ ደግፈን ነው ያስገባነው። ሐኪሙ ምን እንዳለ ታውቃለህ? ሲወድቅ የደረሰበት ጉዳት ትንሽ ነበር። ያባሰበት ቶሎ ብሎ መነሳቱ ነው። «ምን አስቸኮለህ?» ሲለው አባዬ ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

ቪዲዮውን እንዳያየው ልደብቀው ሞክሬ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ፀጉር ቤት ሄዶ ገና በሩን ሳይሻገር ፀጉር አስተካካዩ «ሰላም ባዩ መጡ!» ብሎ ተቀበለው፣ ወንበር ላይ አስቀምጦም አሳየው። አሁን መንገድ ላይ የሚያገኘው ሁሉ እጁን አንስቶ አንጓውን እያዞረ ነው ሰላም የሚለው። የሰፈሩ ልጆች፣ ሥጋ ሻጩ፣ ሹፌሮቹ ከመስኮታቸው። እሱም ይስቅና አንጓውን አዙሮ ይመልስላቸዋል። ምን ያድርግ? ቆሞ ለእያንዳንዱ ያስረዳ? ሰው ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ያሳየህን ምልክት ለከተማ መቀለጃ ሰጠህበት!

እኔ ውርደቱ የጎዳው መስሎኝ ነበር። መውደቁ፣ ሳቁ። ሞተሩን ሸራ አልብሶ ጓሮ ሲያቆመው «እንዳፈረ ነው» ብዬ ላጽናናው «ማንም ይወድቃል እኮ» አልኩት። «ያንን ነገር ክፈቺልኝ፣ ድምፁን ጨምሪው» አለኝ። ከፈትኩለት። ያ ቦታ ሲደርስ ክንዴን ያዘኝ።

«ሳቁን ተዪው። ከሳቁ ሥር ያለውን ስሚ።»

ጆሮዬን ስልኩ ላይ ለጠፍኩ። ድው ድው ድው ይላል። የአንተ ሞተር ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። እሱ ሲወድቅ፣ እጁን ሲያነሳ፣ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ሊነሳ ሲታገል።

«አላጠፋም» አለ አባዬ። «እኔ እኮ ያኔ ጆሮዬ ነው የሚጮኸው ብዬ ነበር። መሬቱ ራሴን ስለመታኝ ነው፣ እሱስ አጥፍቷል፣ ልጄ አያደርገውም ብዬ።»

ተነስቼ ጓሮ ወጣሁና ያንን ሸራ የለበሰ ሞተር ይዤ አለቀስኩ። ተመልሼ ስመጣ አንተን ለማዳን እኔው ሞከርኩ፤ አዎ፣ ሞከርኩ። «እዚያ ያለው መንገድ ለስላሳ ነው አባዬ፣ አትወድቅም፣ አንዴ ሄደህ ደስ ይበልህ» አልኩት።

«መንገዱን መች ጠላሁት» አለኝ። «ከእሱ ጋር አልነዳም። እንዳትነግሪው ግን፣ ሆድ ይብሰዋል።»

ሆድ ይባስህ። ለዚሁ ነው የምነግርህ።

የቱ ያስደስታል ብለህ ሕዝቡን ሁሉ ጠይቀህ የለ? እኔን አልጠየቅከኝም እንጂ እኔም መልስ ነበረኝ። ውጪ ነድቼ አላውቅም፤ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ብነዳ ደስታ እንደሚገድለኝ አልጠራጠርም። «የሀገራችሁ መንገድ ይበልጣል ወይ?» ብትለኝ ኖሮ አልዋሽህም ነበር፣ አይበልጥም። እዚህ ስነዳ ግን እረኛው ከሩቅ «ድልድዩ ርጥብ ነው!» ብሎ ይጮህልኛል። ጎማ ሲተነፍስብኝ ስሜን የማያውቅ ሰው ጎንበስ ብሎ አብሮኝ ይታገላል፣ ሚስቱም ከቤት ሳሙና ይዛ ትወጣለች። አንዳንዱ ደግሞ ሴት ሞተር ስትነዳ አይቼ ሞትኩ ብሎ ይሰድበኛል፤ እሱንም እሰድበዋለሁ፣ ይወጣልኛል። ይህን ሁሉ አንተም ታውቀው ነበር። ቪዲዮህ ውስጥ እኮ ከወደቀበት ያነሱት ሁለት ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። አንተ እነሱ ሲደርሱ ቆርጠኸዋል። ያ አያስቅማ!

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። ካፖርቱና ጓደኞቹ የሳቁ ዕለት ትምህርቱን አስቁሜ የእጅ ምልክቱን በጩኸት አስተማርኳቸው። ማንም ሰልጣኝ ሲወድቅ ግቢው ውስጥ ያለ ሞተር በሙሉ ይጠፋል አልኳቸው፤ እንዲህ የማያደርግ ከእኔ ዘንድ መንጃ ፈቃድ አያገኝም። ባለፈው ሳምንት እማዬ «ቤት ተቀምጦ በምሠራው ሁሉ ጥልቅ ከሚልብኝ ይዘሽልኝ ሂጂ» ብላኝ አባዬን ይዤው ሄድኩ። በከዘራው ተደግፎ ዳሱ ሥር ተቀመጠ። ዝናብ አባርቶ ስለነበር ኖራው ሁሉ ተሟሟቷል። ካፖርቱ ስምንት ቁጥሩን ሊዞር ገብቶ መሐል ላይ ከነካፖርቱ ተነጠፈ።

ወዲያው አንዱ ሞተር ጠፋ። ሌላው ቀጠለ። ከዚያ ሁሉም። አንዲት ልብስ ሰፊ ሰልጣኝ አለችኝ፣ እሷ ሄዳ ውኃው ላይ አጠገቡ ቁጭ አለች። ማንም አልተናገረም፤ ከጎረቤት የመጋዝ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰማው። አባዬ ከአግዳሚው ብድግ ብሎ ቆሟል። ካፖርቱ ተንጋሎ ቆየና «ስልኬ ተሰብሮ ይሆን?» አለ። አባዬ ሳቀ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ከልቡ ሲስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። እያነከሰ መጥቶ «መጀመሪያ እግርህን አንቀሳቅስ፣ ስልኩ ይደርሳል» አለው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ያወራው ስለዚያ ነበር። «ቀድሞ ያጠፋው ማነው? ፈጣን ነው፣ ጥሩ ነጂ ይወጣዋል» ይላል። በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ብወጣ ሸራው ተጣጥፎ አጥሩ ላይ ተሰቅሏል። ጉልበቱ ገና ነው፣ ወራት ይፈልጋል፤ የሞተሩን ካንዴላ ግን ፈትቶ እያጸዳ አገኘሁት። እማዬም ለመጋረጃዋ ብላ አሮጌ አንሶላ ቀድዳ ሰጥታዋለች።

ስለዚህ ቲኬትህን ያዝ። አላሳምነውም። ቪዲዮውን አውርደው፤ ይሄ ልመና አይደለም። ከማውረድህ በፊት ግን አንዴ ለብቻህ እየው። የለጠፍከውን ሳቅ አንሳና እጁን ብቻ እይ፤ ማንን እያየ እንደሚያዞረው እይ።

ከዚያ ደውልለት። ግን እየነዳህ እንዳትደውል። መንገድ ዳር ቁም፣ ሄልሜትህን አውልቅ፣ ሞተርህን አጥፋ። ሲያነሳልህ ደግሞ ዝም በል። መጀመሪያ የሚናገረው እሱ ነው።

እህትህ፣
ፍሬን